ያውቁ ኖሯል? ብረት የሚበላው የቀለጠ ጨው

የገበታ ጨው ያለ አንዳች ውሃ፣ በሙቀት ብቻ በ801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀልጦ ይፈሳል። የቀለጠ ጨው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ብረትን ለመሸርሸር የሚመቸውም በዚህ ጠባዩ ነው።

የባሕር ጨው ወደ ጋዝ ተርባይን ከገባ ከነዳጁ ድኝ ጋር ተዋህዶ ሶዲየም ሰልፌት ይሆናል። ይህ ጨው የሚቀልጠው በ884 ዲግሪ ነው። በተርባይኑ ብረት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን በ700 ዲግሪም ይታያል! ምክንያቱም ከተርባይኑ የብረት ቅይጥ የሚወጣው ኮባልት ወይም ኒኬል ሰልፌት ሆኖ ሲቀላቀለው የመቅለጫው ሙቀት ይወርዳል።

በከባድ የነዳጅ ዘይት ውስጥ ያለ ቫናዲየም አመዱን በቀላሉ ያቀልጠዋል፤ የቀለጠውም ብረቱን ይበላል። መድኃኒቱ ማግኒዚየም መጨመር ነው፤ አመዱ ሳይቀልጥ ደረቅ ሆኖ ይቀራል።

ማይዝግ ብረትን ከዝገት የሚጠብቀው ክሮሚየም በላዩ የሚያበጀው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ነው። የቀለጠ የፍሎራይድ ጨው ይህን ሽፋን ያሟሟዋል። ከዚያም ከሁሉ ቀድሞ ከቅይጡ ተመዞ የሚወጣው ራሱ ጠባቂው፣ ክሮሚየሙ ነው፤ ከብረትና ከኒኬል ይበልጥ ከፍሎሪን ጋር አጥብቆ ይጣመራልና። በወጣበት ቦታ ጥቃቅን ባዶ ቀዳዳዎች ይቀራሉ። በሞቃቱ ቧንቧ የሟሟው ክሮሚየም ደግሞ ቀዝቀዝ ወዳለው ክፍል ተጉዞ እዚያ ይጋገራል።

በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት የሚገኘው የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ከ1965 እስከ 1969 እ.ኤ.አ. ዩራኒየም በቀለጠ ጨው ውስጥ ሟሙቶ በ650 ዲግሪ ገደማ የሚዘዋወርበት የኑክሌር ማብላያ አንቀሳቅሷል። ለዚሁ የተዘጋጀው ሃስቴሎይ ኤን የተባለ የኒኬል ቅይጥ ክሮሚየሙ 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። በጎደለው ፈንታ ሞሊብዲነም ገባበት። ባለሙያዎቹ የቤሪሊየም ዘንግም ጨዉ ውስጥ ይነክሩ ነበር፤ ቤሪሊየሙ በክሮሚየሙ ፈንታ ፍሎሪኑን እንዲወስድ። እንዲህ ያለ ብልሃት ያስደንቃል። ያልጠበቁት ጠላት ግን ከነዳጁ ራሱ መጣ፦ ዩራኒየም ሲሰነጠቅ የሚፈጠረው ቴሉሪየም በቅይጡ ቅንጣቶች ወሰን ዘልቆ ስንጥቅ አመጣ። በኋላ ጥቂት ኒዮቢየም መጨመር ስንጥቁን እንደሚቀንስ ታወቀ።

በስፔን ሴቪያ አቅራቢያ በ2011 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ጌማሶላር የተባለ የፀሐይ ኃይል ማመንጫም የፀሐይን ሙቀት በቀለጠ የሶዲየምና የፖታሲየም ናይትሬት ጨው ያከማቻል፤ ፀሐይ ሳትኖር 15 ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ሊያመነጭ ይችላል። ጨዉ የሚሞቀው እስከ 565 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ ብዙ ካለፈ ይበሰብሳል። ስለዚህ ለ700 ዲግሪና ከዚያ በላይ ተመራማሪዎች የክሎራይድ ጨዎችን እየፈተኑ ነው። እነዚህ ጥቂት እርጥበት እንኳ ከገባባቸው ብረቱን ክፉኛ ስለሚበሉት፣ ከሥራ በፊት በደንብ መድረቅና መጣራት አለባቸው።