ወንፈልና የባሌ ደን

ወንፈል የለመደ ገበሬ ደንቡን ከወረቀት ሳያነብ ያውቀዋል። ዛሬ ጎረቤቱ በሬውን ጠምዶ ከመጣለት ነገ እርሱም ጠምዶ ይሄድለታል፤ ጎረቤቱ የቀረ እንደ ሆነ ግን እርሱም ይቀራል። ከእርሻ የቀረ ሰው ወዲያው ይታወቃል። በጋራ ደን ውስጥ ግን ተደብቆ አንድ ጽድ የቆረጠውን ማን ያየዋል?

በባሌ ደጋ፥ በአዳባና በዶዶላ፥ የጽዱና የዝግባው ደን እየተመናመነ ስለ ሄደ፥ በጀርመን መንግሥት የቴክኒክ ርዳታ ደኑ ተከፋፍሎ ለነዋሪዎች ማኅበራት በውል ተሰጠ። አንድ ማኅበር ከ30 አባወራ እንዳይበልጥ፥ ለአንድ አባወራም 12 ሄክታር እንዲታሰብ ተወሰነ። ውሉ አንድ ዓይነት ሲሆን ፍሬው ግን የተለያየ ሆነ፤ የአንዱ ደን ሲያገግም የሌላው ወደ ኋላ ቀረ።

የዚህን ምክንያት ለመመርመር ዴቬሽ ሩስታጊ፥ ስቴፋኒ ኤንገልና ሚካኤል ኮስፌልድ የተባሉ ሊቃውንት የ49 ማኅበራትን 679 አባላት በአንድ ጨዋታ ፈተኑ፤ ውጤቱም በ2003 ዓ.ም. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ታተመ። በጨዋታው ሁለት ሰዎች፥ አንዱ የሌላውን ማንነት ሳያውቅ፥ ጥቂት ብር ይቀበላሉ። ወደ ጋራ ያዋጡት ገንዘብ ጭማሪ ታክሎበት እኩል ይካፈላል። ሁለቱም ሁሉን ቢያዋጡ ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ ይሁን እንጂ የራሱን ይዞ የባልንጀራውን መዋጮ የሚካፈል ይበልጥ ያተርፋል። እያንዳንዱም «ባልንጀራህ ይህን ያህል ቢያዋጣ አንተ ስንት ታዋጣለህ?» እየተባለ ተጠየቀ።

የባልንጀራው መዋጮ ባደገ መጠን የራሱን የሚያሳድግ፥ የወንፈል ሰው ሊባል የሚገባው፥ ከሦስቱ አንድ ያህል ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን በሁሉ ማኅበር እኩል አልነበረም፤ በአንዳንዱ እጅግ ጥቂት፥ በሌላው ብዙ ነበረ። ይህም በየሄክታሩ ከተቆጠሩት ለወደፊት ተስፋ ከሚጣልባቸው ወጣት ዛፎች ጋር ሲመዛዘን፥ የወንፈል ሰው በበዛበት ማኅበር ደኑም የተሻለ ሆኖ ታየ።

ነገሩ የልብ ቸርነት ብቻ አይደለም። የወንፈል ሰው ሲያታልሉት ዝም አይልም። መተዳደሪያ ደንብ አስጽፎ፥ ማኅተም አስመትቶ ሥራው ተፈጸመ የሚል ሹም፥ ደኑን ዞሮ የሚጠብቀው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ቢጠይቅ መልካም ነበር። በባሌ እነዚህ ሰዎች ያለ ደመወዝ፥ ከእርሻቸው ጊዜ ቀንሰው፥ ለጥበቃ ከሌሎቹ አባላት የሚበልጥ ሰዓት በደኑ ውስጥ ሲያሳልፉ ተገኝተዋል።