ቀለም የማይፈልግ ጌጥ

በአፋሯ ጭፍራ የሱቅ ግድግዳ ቀለም ዕድሜው አጭር ነው። ፀሐዩ ያደበዝዘዋል፤ ከሚሌ ወደ ወልዲያ የሚያልፈው ከባድ መኪና ደግሞ አቧራውን ይደርብበታል። ልስን እየፋቁ ግድግዳን ስለሚያስጌጡበት ዘዴ፣ ስለ ስግራፊቶ፣ ልጽፍላችሁ የፈለግኩት ለዚህ ነው።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። መጀመሪያ ግድግዳው ጠቆር ባለ ልስን ይለሰናል። እሱ ጠንከር ሲል፣ ሳይደርቅ ግን፣ በላዩ ስስ ነጭ ኖራ ይደረባል። ነጩ እርጥብ እያለ በሹል ብረት ሲፋቅ ከሥሩ ጥቁሩ ብቅ ይላል። ሥዕሉ ራሱ ልስኑ ስለሆነ የሚላጥ ቀለም የለም።

ጣሊያናዊው ጆርጆ ቫዛሪ እ.ኤ.አ. በ1550 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሥሩን ለማጥቆር የተቃጠለ ገለባ ከኖራና ከአሸዋ ጋር እንደሚቀላቀል ጽፏል። በቼክ ሊቶሚሽል ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ በዚህ ዘዴ 8 ሺህ ያህል ጌጦች አሉ፤ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም ይባላል። እኔን የሚማርከኝ ግን የግሪኳ ኪዮስ ደሴት ነው። ፒርጊ የምትባለው መንደር ሰዎች ለጥቁሩ ልስን የሚጠቀሙት የእሳተ ገሞራ አሸዋ ነው።

ይኼ እኛ ጋ ሞልቶ የለም እንዴ! አፋር ባዛልት የተነጠፈበት ምድር ነው፤ ተፈጭቶ አሸዋ ይሆናል። ኖራውም እንግዳ ነገር አይደለም፤ የፋሲል ግንብ ድንጋዮች የተያያዙት በኖራ ነው።

ላዩን ፍቆ ሥሩን የማሳየቱን መርህም ቢሆን ከአውሮፓ መማር አያስፈልግም። ጅቡቲ ውስጥ፣ አፋሮች በሚኖሩበት በአቡርማ፣ የጥንት ሰዎች ድንጋዩን እየወቀሩ ቀጭኔ፣ ሰጎንና ከብት ቀርጸውበታል። በእንዲህ ያለ ሥራ ጠቆር ያለው የድንጋዩ ገጽ ሲነሳ ፈዘዝ ያለው ውስጡ ይታያል። የስግራፊቶ ግልባጭ በሉት።

ችግሩ ሙቀታችን ነው። ነጩ ቶሎ ከደረቀ ብረቱ ሲነካው ይፈረካከሳል፤ በሲሚንቶ ከሆነማ ይብሳል። ስለዚህ ግድግዳው አስቀድሞ ውኃ ይጠጣ፤ ሥራው ማለዳ ይጀመር፤ ነጩም ያን ዕለት ተፍቆ በሚያልቅ ስፋት ብቻ ይደረብ። ለመነሻ የፒርጊን ሦስት ማዕዘንና ክብ ሞክሩ፤ ማስመሪያና ገመድ ይበቃል። በመጀመሪያው ቀን ግመል ልሣል ያለ ሰው ግድግዳውን መልሶ ይለስናል።