የጨው ዓምድ እንዳንሆን

ለእኛ ለቁይ ሰዎች የሚከብደን ብርዱ ነው። በአፋር፣ ዳሎል ግን ሐሩሩ ባልና ሚስትን ይፈትናል። ስፍራው ከባሕር ወለል በታች ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 የተመዘገበው አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነበር።

ከባለቤቴ ጋር በማለዳ፣ መንገድ መሪ ይዘን ኮረብታውን ወጣን። ቢጫና አረንጓዴ የአሲድ ኩሬዎቹን ዞረን ስንመለስ፣ ዝናብ በሸረሸራቸው ረጃጅም የጨው ዓምዶች መካከል ገባን። ባለቤቴ ውሃውን ይዞ ቀደመኝ። ተናደድኩ። ከዓመታት በፊት ለቤታችን ቆርቆሮ ያጠራቀምነውን ገንዘብ ሳያማክረኝ ለሰው ማበደሩንም አስታወስኩ። "ይቅር ብዬሃለሁ" ያልኩት ጉዳይ ነበር!

ቀና ስል ዓምዶቹን አየሁ። የሎጥ ሚስት ትዝ አለችኝ (ዘፍ. 19፥26)። ለካ እኔም ወደ ኋላ እያየሁ ነው! ጠራሁትና "ያንን ነገር ከልቤ አልተውኩልህም ነበር፤ ይቅር በለኝ" አልኩት። ቆሞ ጠበቀኝ፤ ውሃውንም አቀበለኝ። "እኔም ያን ጊዜ በደንብ ይቅርታ አልጠየቅሁሽም" አለኝ።

እህቴ ሆይ፣ ወንድሜ ሆይ፣ በልባችሁ የምትቆጥሩት የቆየ በደል አለ? ዛሬ ፀሐይ ሳትገባ ተነጋገሩ (ኤፌ. 4፥26)። ጨው ንግግራችንን ያጣፍጥ እንጂ (ቆላ. 4፥6) እኛን ዓምድ አያድርገን። ጌታ ትዳራችሁን ይባርክ!