ሪል ከመግዛት በፊት ውኃውንና ዓሣውን ማወቅ

ከኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ወደ ውኃ የሚወስዱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ከዓየር ጤና ተነስቶ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ ያመራል፤ በዚያ ብሔራዊ የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ይገኛል። ሁለተኛው በአምቦ መንገድ ቡራዩን አልፎ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ወደሚሰጠው ገፈርሳ ግድብ ይወስዳል። መርካቶም ከክፍለ ከተማው ቅርብ ነው። ከክልል ለመጣ የወጣቶች ማኅበር ተወካይ ወይም የወረዳ ባለሙያ አካባቢው ዕቃውን ለመሸመትም ምክሩን ለመጠየቅም አመቺ ነው ማለት ነው። ችግሩ ብዙዎች ከሁለቱ የሚያስቀድሙት ግዢውን መሆኑ ነው።

ገዢው ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ “ጥሩው ሪል የትኛው ነው?” ይላል። ጥያቄው ግን ጎደሎ ነው። ለጫሞ ሐይቅ ነጭ ዓሣ ጥሩ የሆነ ሪል ለጓሮ ኩሬ ቆሮሶ ገንዘብ ማባከኛ ነው። በማኅበር ቁጠባ ወይም በብድር የተገዛ ዕቃ ያለ ሥራ ሲቀመጥ ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ አባላቱ ተስፋ ቆርጠው ርካሽና ዓይኑ ጠባብ ወደሆነው መረብ ይመለሳሉ። የዚያን ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ ሐይቁ ነው።

ሁለት ዓይነት ሪል

ሪል በማጥመጃ ዘንግ ላይ ተገጥሞ ክር የሚለቅና የሚጠቀልል መሣሪያ ነው። በገበያ ላይ በስፋት የሚታወቁት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። ስፒኒንግ የሚባለው ከዘንጉ ሥር ይንጠለጠላል፤ ክሩ ሲወረወር ማጠንጠኛው አይዞርም፣ ክሩ ብቻ በጫፉ እየተፈታ ይወጣል። ለጀማሪ ይቀላል፤ ቀላል ክብደት ያለውን ማባበያም ያርቃል።

ቤይትካስቲንግ የሚባለው ከዘንጉ በላይ ይቀመጣል፤ ክር ሲወረወር ማጠንጠኛው ራሱ ይሽከረከራል። ጥንካሬውም ጣጣውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ወፍራም ክር ይይዛል፣ ከባድ ዓሣ ይጎትታል፣ ማባበያውንም በታሰበበት ቦታ ለማሳረፍ ያስችላል። ማባበያው ፍጥነቱን ሲቀንስ ማጠንጠኛው መዞሩን ካላቆመ ግን ክሩ ይዘበራረቃል፤ ተመልሶ ለመፍታት ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ አምራቾች በማግኔት ወይም በሽክርክሪት ኃይል የሚሠራ ፍሬን ይገጥሙለታል። ማባበያው ከ7 ግራም በታች ከሆነ ግን በአብዛኛው ስፒኒንጉ ይመረጣል።

መሣሪያው የትክክለኛ እጅ ሥራ ውጤት ነው። ለዚህ ማሳያ የሚሆነው በሪል ሥራው የሚታወቀው የስዊድኑ አቡ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1921 ሲመሠረት የሰዓትና የታክሲ ቆጣሪ ሠሪ የነበረ መሆኑ ነው። ጥርሱ ያልተስተካከለ ሪል እንዳልተስተካከለ ሰዓት ነው፤ ከዋጋው ቅናሽ ይልቅ ጉድለቱ ይበዛል።

የየትኛው ውኃ፣ የየትኛው ዓሣ

ነጭ ዓሣ የሚለው ስም ከቦታ ቦታ ይለያያል። በጫሞና በአባያ ነጭ ዓሣ የሚባለው በባሮ ወንዝና በቱርካና ሐይቅም የሚገኘው ትልቁ አዳኝ ዓሣ ነው። ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል። ቤይትካስቲንግ ሪል በአገራችን እውነተኛ ሥራ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። አርባ ምንጭን መነሻ አድርገው ለመዝናኛ ዓሣ ማጥመድ የሚመጡ እንግዶችን በጀልባ ማስተናገድ የሚፈልግ ማኅበር ጠንካራ ሪል ያስፈልገዋል። የጫሞ ዳርቻ ግን አዞና ጉማሬ ያለበት ነው፤ ከሪሉ በፊት የሚታሰበው የሰው ደኅንነት ነው።

በጣና ሐይቅ ይህ ዓሣ የለም። ወደ 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የታችኛው ዓባይ ዓሦች ወደ ሐይቁ እንዳይወጡ አጥር ሆኗል። የጣና ነጭ ዓሣ የሌላ ወገን ነው፤ ተመራማሪዎች በሐይቁ ውስጥ 15 ዝርያዎቹን የለዩ ሲሆን አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከጣና በስተቀር አይገኙም። ከእነዚህ 8ቱ ሌላ ዓሣ እየበሉ የሚኖሩ ናቸው። መንጋጋቸው ላይ ጥርስ ባይኖርም አነስተኛ ዓሣ የሚመስል ብረት ወይም የፕላስቲክ ማባበያ ሲያዩ ይከተላሉ። ለእነርሱ መካከለኛ ስፒኒንግ ወይም ቀለል ያለ ቤይትካስቲንግ ይበቃል።

ቆሮሶ ግን ሌላ ነው። ዋና ምግቡ በውኃ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ዋቅላሚ በመሆኑ የሚያብረቀርቅ ብረት ብዙም አያታልለውም። ትንሽ መንጠቆ፣ ቀጭን ክር፣ ሊጥ ወይም የምድር ትል በቂው ነው። በኩሬ ቆሮሶ የሚያረባ አርሶ አደር ምርቱን የሚሰበስበው በጎታች መረብ ወይም ውኃውን በማጉደል ስለሆነ ሪል አያስፈልገውም ማለት ይቻላል። አምባዛ ደግሞ በአብዛኛው በሌሊት የሚንቀሳቀስ፣ ሥጋና የዓሣ ሆድ ዕቃ የሚወድ ነው፤ በረጅም ገመድ ላይ በተደረደሩ መንጠቆዎች ይያዛል።

ሲገዙ የሚታዩ ነገሮች

ሪሉ የግድ ያስፈልጋል ከተባለ ገዢው የሚከተሉትን ሱቅ ውስጥ ሆኖ መመርመር ይችላል።

ማርሹ። በሪሉ ላይ “6.3 ለ 1” የሚል ጽሑፍ ካለ እጀታው አንድ ጊዜ ሲዞር ማጠንጠኛው 6 ነጥብ 3 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። መኪና ዳገት ሲወጣ ዝቅተኛ ማርሽ እንደሚያስፈልገው ሁሉ ለከባድ ዓሣ 5 አካባቢ ያለው ይመረጣል። ከ7 በላይ ያለው ክሩን በፍጥነት ይሰበስባል፣ ጉልበቱ ግን ያነሰ ነው። ለአጠቃላይ ሥራ 6 አካባቢ ያለው ይስማማል።

ኩሽኔታው። ሻጮች የኩሽኔታ ብዛት እንደ ጥራት ማረጋገጫ ይጠቅሳሉ። ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ጥቂት ጥሩ ኩሽኔታ ከብዙ ደካማ ይበልጣል። እጀታውን በዝግታ ማዞር፣ የሚያንቋቋ ድምፅ ወይም የሚይዝ ቦታ ካለ መተው ነው። እጀታው ወደ ጎን ሲነቀነቅ ብዙ የሚላላ ከሆነም እንዲሁ።

ፍሬኑ። ትልቅ ዓሣ ሲጎትት ክሩ ከመበጠሱ በፊት በልኩ እንዲለቀቅ የሚያደርገው ፍሬን የሪሉ ልብ ነው። ክሩን በእጅ ሲስቡት ሳይንተከተክ እኩል መውጣት አለበት። ልኩ ክሩ ከሚሸከመው ክብደት ከሩብ እስከ ሲሶ ነው፤ 9 ኪሎ ለሚሸከም ክር ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም ላይ መልቀቅ ይኖርበታል። ይህም በተንጠልጣይ ሚዛን ይለካል።

የእጅ አቅጣጫው። የስፒኒንግ እጀታ ከግራ ወደ ቀኝ ይቀየራል፤ የቤይትካስቲንግ ግን በአብዛኛው አይቀየርም። ለማኅበር በጅምላ ከመግዛት በፊት አባላቱ በየትኛው እጅ እንደሚሠሩ መጠየቅ ይገባል።

ከግዢ በኋላ ደግሞ የመጀመሪያው ልምምድ በውኃ ላይ ሳይሆን በሜዳ ላይ ይሁን። ማባበያው ከዘንጉ ጫፍ ቀስ ብሎ እንዲወርድና መሬት ሲነካ ማጠንጠኛው እንዲቆም አድርጎ የማጥበቂያውን ብሎን ማስተካከል፣ በውርወራም ጊዜ አውራ ጣትን በማጠንጠኛው ላይ ማሳረፍ የክር መዘበራረቅን ይቀንሳል። ደለል በሚበዛበት ውኃ ከተሠራ በኋላ ሪሉን በንጹሕ ውኃ አለቅልቆ፣ አድርቆ፣ ጥቂት ስስ ዘይት መቀባት ዕድሜውን ያራዝማል።

መረብና መንጠቆ

በጣና ከደንገል በሚሠራ ታንኳ ሲካሄድ የኖረው ማስገር እ.ኤ.አ. በ1986 በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ መታገዝ ጀመረ። ምርትና ገቢ ጨመረ። ነገር ግን በወንዝ ውስጥ የሚራቡት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ክምችት በ1990ዎቹ የፈረንጆች ዓመታት በ75 በመቶ ገደማ መቀነሱን ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ዋናው ምክንያት ዓሦቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ሲሄዱ በወንዞቹ አፍ ላይ ተሰብስበው በመረብ መያዛቸው ነው።

መረብ የገባበትን ሁሉ ይገድላል። በመንጠቆ የተያዘ ዓሣ ግን በሕይወት እያለ ይታያል፤ ትንሹ ወይም እንቁላል የያዘችው ትመለሳለች። የመንጠቆውን ወደኋላ የተመለሰ ሹል በፒንሳ መደፍጠጥ ዓሣውን ሳይጎዱ ለመልቀቅ ይረዳል። ይህ ሲባል በዐቢይ ጾም የሚደራውን ገበያ በዘንግ ብቻ መመገብ ይቻላል ማለት አይደለም፤ መረቡም ልኩን ጠብቆ ያስፈልጋል። ሪል የሚያዋጣው ለመዝናኛ ዓሣ ማጥመድ፣ ለእንግዳ መስተንግዶና ለቤት ፍጆታ ነው።

የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ድርሻ

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ክልሎችም የየራሳቸውን ሕግ አውጥተዋል። በብርብራም ሆነ በሌላ መርዝ፣ በፈንጂም ማስገር የተከለከለ ነው። ስለዚህ የወረዳ ባለሙያ ለወጣቶች ዕቃ ሲያቀርብ ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ቢያነሳ ይጠቅማል። ውኃው የማን ነው፣ ፈቃዱስ ከማን ይገኛል? በውኃው ውስጥ ያለው ዓሣ የትኛው ነው፣ መቼስ ይራባል? ለዚያ ዓሣ የሚስማማው መሣሪያ ምንድን ነው? እንደ ገፈርሳ ባለ የመጠጥ ውኃ ግድብ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ሳይመለስ መንጠቆ መጣል አይገባም።

መሣሪያው የሚመረጠው ከእነዚህ ጥያቄዎች በኋላ ከሆነ ማኅበሩ ገንዘቡን፣ ሐይቁም ዓሣውን ያተርፋል። ከዓየር ጤና ወደ ሰበታ የሚወስደው መንገድ አጭር ነው፤ ወደ መርካቶ ከመውረድ በፊት እዚያ ደርሶ ባለሙያ መጠየቅ የአንድ ቀን ድካም ቢሆን ነው።