የልምምድ ሰይፍ አመራረጥ፤ በሐርጌሳ ከደረሰብን የተማርነው

በቤተ ሰብ ዓምድ ላይ ስለ ሰይፍ መጻፋችን አንዳንድ አንባቢዎቻችንን ያስገርም ይሆናል። ሰይፍ ለቤተ መዘክር እንጂ ለቤት ምን ይሠራል የሚል ጥያቄም ይነሣ ይሆናል። ነገር ግን በዛሬው ዘመን የጥንቱን የሰይፍ ጨዋታ ከአሮጌ መጻሕፍት እያጠኑ ከሥራ በኋላ የሚለማመዱ ሰዎች በብዙ አገር ይገኛሉ። ሰውነትን ያጠነክራል፤ ዓይንን ያነቃል፤ ትዕግሥትንም ያስተምራል። ልምምዱ የሚደረገው ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ፣ ዘመድና ጎረቤት በሚመለከትበት ስፍራ ስለ ሆነ የመሣሪያው አመራረጥ የቤተ ሰብ ጉዳይ ነው። እኛ ይህን የተረዳነው ዘግይተን፣ ያውም ደንግጠን ነው።

በሐርጌሳ ከተማ ለሥራ ተመድበን ስንኖር ከአንድ ሶማሌ ባልንጀራችን ጋራ ዘወትር ሐሙስ፣ ፀሐይ በረድ ስትል፣ በግቢያችን ውስጥ እንለማመድ ነበር። ባልንጀራችን በውጭ አገር ሲማር ራፒየር የሚባለውን የሰይፍ ጨዋታ ለምዶ ነበር። ራፒየር ማለት በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ የተለመደ፣ ቀጥ ያለ፣ ረጅምና ቀጭን፣ ከመቁረጥ ይልቅ ለመውጋት የተሠራ ሰይፍ ነው። እርሱ ጥሩ የልምምድ ሰይፍ ነበረው። እኛ ግን ዋጋው ረከስ ያለ፣ መልኩ እንደ መስተዋት የሚያበራ አንድ ሰይፍ ከውጭ አስመጣን። ስንገዛው የተመለከትነው ማብረቅረቁንና የእጀታውን ጌጥ ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ባልንጀራችን የሰነዘረውን ስንመክት ሰይፋችን ከእጀታው አጠገብ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ብረቱ በአየር ላይ ተገለባብጦ ሄደና ከውሃው በርሚል ጋራ ተላተመ። በዚያ በርሚል ጥግ የዘበኛችን ትንሽ ልጅ ተቀምጦ ሲመለከተን ቆይቶ ነበር፤ እናቱ ለሻይ ጠርታው ከተነሣ አምስት ደቂቃ እንኳ አልሞላውም። ለጊዜው ማናችንም ቃል አልተናገርንም። በኋላ ባልንጀራችን ጭምብሉን አውልቆ «አልሐምዱ ሊላህ» አለ፤ እኛም «እግዚአብሔር ይመስገን» አልን። የዚያ ዕለት ጨዋታ በዚሁ አበቃ።

ቅዳሜ ጧት ስብራቱን በጨርቅ ጠቅልለን ወደ አንድ አረጋዊ ብረት ቀጥቃጭ ዘንድ ሄድን። በሶማሌ ልማድ በዕድሜ የሚበልጥን ሰው «አዴር» ብሎ መጥራት ጨዋነት ነው፤ ትርጓሜውም የአባት ወንድም፣ አጎት ማለት ነው። አዴር ብለን ሰላምታ ሰጠንና ብረቱን አሳየናቸው። ስብራቱን ወደ ብርሃን አዙረው ተመለከቱ፤ ከዚያም በባልንጀራችን አስተርጓሚነት እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ ይህ በግድግዳ ላይ ሊሰቀል የተሠራ ነው። ተመልከቱ፤ ውስጡ እንደ ጨው ፍሬ ፍሬ ሆኗል። ወደ እጀታው የሚገባው ጭራ ደግሞ እንደ እርሳስ ቀጥኖ በብየዳ የተቀጠለ ነው።» ቀጥለውም ከጥግ አንድ የከባድ መኪና ባሌስትራ አንሥተው በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ይህ ጎብጦ ይመለሳል፤ የእናንተው ግን መጉበጥ አልተማረም» አሉ።

አዴር በጥቂት ቃል የነገሩን የትምህርቱ ሁሉ ሥር ነው። የልምምድ ሰይፍ የሚሠራው እንደ መኪና ባሌስትራ ከሚጎብጥና ከሚመለስ ብረት ነው። ይህ ብረት በመጠኑ ካርቦን ያለበት፣ ብዙ ጊዜም ክሮምና ቫናዲየም የተቀላቀለበት ነው። በእሳት ግሎ በዘይት ይነከራል፤ በዚህ ጊዜ እጅግ ይጠነክራል፤ ነገር ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ ሁለተኛ ጊዜ በዝቅተኛ ሙቀት ይሞቅና ጥንካሬው ይለዝባል። ደኅና ሠሪዎች ብዙውን ጊዜ ጥንካሬውን በሮክዌል ሚዛን ከ48 እስከ 52 ባለው መካከል ያደርጉታል። ከዚያ ብዙ ቢያልፍ ይሰበራል፤ ብዙ ቢጎድል ጎብጦ ይቀራል። ለጌጥ የሚሸጠው የማይዝግ ብረት ግን በዚህ መንገድ ስለማያልፍ፣ ቢያበራም መታመኛ የለውም። ባሌስትራን በሞረድ አሹሎ ሰይፍ አደርጋለሁ የሚልም ይሳሳታል፤ ቅርጹ ሲለወጥና ሲግል የቀድሞው አበሳሰል ይጠፋልና።

የሰይፍ መሰበር ቀላል ነገር እንዳይመስል አንድ የታወቀ ታሪክ እናስታውስ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1982 ዓ.ም. በሮማ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ላይ የሶቪየት ኅብረቱ ቭላዲሚር ስሚርኖፍ ከምዕራብ ጀርመኑ ማቲያስ ቤር ጋራ ገጠመ። ስሚርኖፍ በ1980 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ ፎይል በሚባለው ቀላል ሰይፍ የወርቅ ሜዳይ ያገኘ ነበር። በግጥሚያው መካከል የቤር ሰይፍ ተሰበረ፤ ስብራቱም የስሚርኖፍን ጭምብል ጥሶ ገባ። ስሚርኖፍ ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተ። ከዚያ ወዲህ የጭምብሉም፣ የልብሱም፣ የሰይፉ ብረትም ደንብ እጅግ ጠበቀ። እንግዲህ በዓለም ሻምፒዮና ላይ፣ ዳኛና ሐኪም ባሉበት ይህ ከደረሰ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ምን ሊደርስ እንደሚችል አንባቢው ራሱ ይገምተው።

ለዚህ ትምህርት የሐርጌሳ ጎረቤት የሆነችው በርበራም ምስክር አላት። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ከዘይላ ተነሥቶ በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሐረርን አይቶ የተመለሰ መንገደኛ ነው። በሰይፍ ጨዋታ ዘመኑ ከሚያውቃቸው ሰዎች አንዱ ነበር፤ በ1884 ዓ.ም. «የሰይፍ መጽሐፍ» የተባለ ትልቅ ሥራ አሳትሟል። ነገር ግን በሚያዝያ ወር 1855 ዓ.ም. ከሐርጌሳ 160 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በበርበራ ዳርቻ ሰፈሩ በሌሊት ሲወረር ጎራዴውን ይዞ ሲከላከል አንድ ጦር ከአንዱ ጉንጩ ገብቶ በሌላው ወጣ። እርሱ ራሱ እንደ ጻፈው፣ በጨለማው ውስጥ የገዛ ሰውየውን ጠላት መስሎት ሊመታው ሲል ድምፁን ዐውቆ ለቅጽበት ቆም አለ፤ ጦሩም በዚያች ቅጽበት ደረሰ። ጠባሳው ዕድሜውን ሙሉ በፊቱ ላይ ቀረ። ከዚህ የምንረዳው፣ ጥበብ ብቻውን ፊትን እንደማይጠብቅ ነው።

እንግዲህ የልምምድ ራፒየር ለመግዛት የሚፈልግ ሰው የሚከተሉትን ነጥቦች እንዲመለከት እንመክራለን።

መጀመሪያ፣ የሰይፉ ብረትና ጭራው ነው። ጭራ ማለት በእጀታው ውስጥ የሚደበቀው የብረቱ ክፍል ነው። ሳይበየድ ከሰይፉ ጋራ አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራ፣ ወፍራም፣ ትከሻውም በድንገት ሳይሆን ቀስ በቀስ እየጠበበ የሚሄድ መሆን አለበት። ሹል ማዕዘን ያለበት ቦታ ስብራት የሚጀምርበት ነው። ሻጩ ስለ ጭራው ሲጠየቅ መልስ ከሌለው ከእርሱ አለመግዛት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ጉብጠቱ ነው። ጫፉን በግድግዳ ላይ በተያዘ ወፍራም ቆዳ ላይ አስደግፎ በዝግታ መግፋት ነው። ጥሩ ሰይፍ ከመካከሉ ወደ ጫፉ ባለው ክፍል እንደ ቀስት እኩል ይጎብጣል፤ ሲለቀቅም ቀጥ ብሎ ይመለሳል። በአንድ ቦታ ብቻ እንደ ክርን የሚታጠፍ ከሆነ በዚያው ቦታ ይሰበራል። ከቶ የማይጎብጥ ከሆነ ደግሞ ውጊቱ በባልንጀራ ደረት ላይ እንደ ጦር ያርፋል።

ሦስተኛ፣ ጫፉና ስለቱ ነው። ስለቱ ወፍራምና የተድበለበለ፣ ጫፉም እንደ ሚስማር ራስ ሰፋ ያለ ወይም የተጠቀለለ ይሁን። በላዩ የጎማ ወይም የቆዳ ቆብ ይደረግበታል። ቆቡ ከብረቱ በተለየ ደማቅ ቀለም ባለው ፕላስተር ቢታሰር፣ ወልቆ ሲወድቅ ቶሎ ይታያል።

አራተኛ፣ ክብደቱና ርዝመቱ ነው። የዛሬው የስፖርት ሰይፍ ኤፔ ከ770 ግራም አይበልጥም፤ የልምምድ ራፒየር ግን ብዙውን ጊዜ ከ1 ኪሎ እስከ 1 ኪሎ ከ400 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ ቀላሉን የስፖርት ሰይፍ ከከባዱ ራፒየር ጋራ ማጋጠም ቀላሉን ቶሎ ያደክመዋል። ስለ ርዝመቱ፣ በ1610 ዓ.ም. በጣሊያን አገር መጽሐፉን ያሳተመው መምህር ካፖፌሮ የሰይፉ ርዝመት የባለቤቱን ክንድ ሁለት እጥፍ እንዲሆን አስተምሯል። ጀማሪ ግን በጣም ከረዘመው ይልቅ እጁ ሳይደክም የሚያዝዘውን ቢመርጥ ይሻለዋል።

አምስተኛ፣ እጀታው ነው። በመጨረሻው ላይ ያለው ጉልላት በዳዶ የሚፈታ ቢሆን፣ የጎበጠውን ወይም የተሰነጠቀውን ብረት ለውጦ እጀታውን ማስቀረት ይቻላል። እንደ ሐርጌሳ ባለ፣ የሰይፍ ሱቅ በሌለበት ከተማ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። የእጅ መከለያው ደግሞ ለግራኝ የሚሆን መሆኑ ይጠየቅ። በ16ኛው መቶ ዓመት የነበሩትን ኢማም አሕመድን እኛ ግራኝ፣ ሶማሌዎች ደግሞ ጉሬይ ይሏቸዋል፤ ሁለቱም ቃል በግራ እጁ የሚሠራ ሰው ማለት ነው። አንዳንዱ መከለያ ጌጡ ወደ አንድ ወገን ስለሚያዘነብል ለቀኝ እጅ ብቻ ይስማማል፤ እንደ ዋንጫ የተሠራው ግን ለሁለቱም ይሆናል።

ስድስተኛ፣ ሰይፍ ሲገዛ ጭምብሉ፣ የጉሮሮው መከላከያ፣ ወፍራሙ ሰደርያና ጓንቱ በዚያው ሂሳብ ውስጥ ይግቡ። ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ጭምብሉ ይቅደም፤ ሰይፉ ይቈይ። እስከዚያው በዱላ መለማመድ ይቻላል፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላልና። ዕቃው ከውጭ በርበራ ወደብ ወይም በአውሮፕላን ስለሚመጣ፣ ከመታዘዙ በፊት ጉምሩኩን ስለ ፈቃዱ መጠየቅ ደግሞ ተገቢ ነው።

በልምምድ መሣሪያና በጦር መሣሪያ መካከል ልዩነት መኖሩን ለማወቅ ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። በእኛ አገር በጉግስ ጨዋታ ፈረሰኞቹ የሚወረወሩት በዘንግ እንጂ በጦር አይደለም፤ የሚመክቱትም በጋሻ ነው። በሶማሌ ምድርም በአፍጎዬ በዘመን መለወጫ የሚደረገው ኢስቱንካ የተባለው ጨዋታ ጥንት በእውነተኛ መሣሪያ ይደረግ የነበረ ሲሆን በኋላ በዱላ ተተክቷል። ቋንቋውም ያቀራርበናል፤ ሶማሌው ሰይፍን «ሴፍ»፣ ጋሻን «ጋሻን» ይለዋል። አማርኛ የሚማር የሐርጌሳ ሰው እነዚህን ሁለት ቃላት ያለ መምህር ያውቃቸዋል።

ከግዢ በኋላ ጥበቃ ይከተላል። ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ላቡ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፤ ቀጭን ዘይት ይቀባ። ሐርጌሳ ደጋና ደረቅ ስለ ሆነች ዝገቱ አያስቸግርም፤ አቧራው ግን በዘይቱ ላይ ይለጠፋልና ጨርቁ ንጹሕ ይሁን። በበርበራ ግን የባሕሩ ጨው ብረቱን ቶሎ ይበላዋል። ብረት ከብረት ሲጋጭ የሚወጣው ጥርስ እጅን ስለሚቈርጥ በሞረድ ይስተካከል። ጥጥ በብረቱ ላይ ሲታሽ ከተያዘ በዚያ ቦታ ጥርስ ወይም ስንጥቅ አለ። ጥርስ ከሆነ በሞረድ ይወገዳል፤ ስንጥቅ ከሆነ ግን ሰይፉ በዚያው ዕለት ከጨዋታ ይውጣ።

እኛ ሁለተኛውን ሰይፍ እስክንገዛ አምስት ወር ገንዘብ አጠራቀምን። ሲደርስ በመጀመሪያ ወደ አዴር ዘንድ ወሰድነው። ቈየት ብለው መረመሩት፤ አጎበጡት፤ ለቀቁት፤ ቀጥ ብሎ ተመለሰ። መልኩ እንደ ፊተኛው አያበራም ነበር። «ይህ ይሁን» አሉን። በሚከተለው ሐሙስ በግቢው ላይ በኖራ መሥመር አሠመርን፤ የተመልካቹ ስፍራ ከመሥመሩ ወዲያ፣ ከሰገነቱ ምሰሶ ኋላ ሆነ። የዘበኛችን ልጅ እዚያ ተቀምጦ ሻዩን እየጠጣ ተመለከተን፤ በርሚሉም ከዚያ ወዲህ ሌላ ምልክት አልተጨመረበትም።