በመኖሪያ ቤት ውስጥ ለሚከፈት ፎቶ ቤት የክፍሉ መጠን እንዴት ይወሰናል?

ከቤቱ አንዱን ክፍል ፎቶ ቤት ለማድረግ የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው የካሜራን ዋጋ ነው። ነገር ግን ካሜራ ተሽጦ ይለወጣል፤ ግድግዳ ግን ተገፍቶ አይሰፋም። ክፍሉ ጠቦ ከተገኘ ለኪራይና ለመብራት ዕቃ የወጣው ገንዘብ ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ ልኩን አስቀድሞ በሒሳብ ማወቅ ይገባል።

በመጀመሪያ ርዝመቱን እንመልከት። ይህ የሦስት ርቀቶች ድምር ነው፤ ይኸውም ከመጋረጃው እስከ ተነሺው፣ ከተነሺው እስከ ካሜራው፣ ከካሜራውም በስተኋላ ለአንሺው መቆሚያ የሚተወው ነው።

ከሦስቱ ዋነኛው መካከለኛው ነው። ስሌቱም እንዲህ ነው፤ በፎቶግራፉ ውስጥ የሚገባው ቁመት በካሜራው ውስጥ ላለው የምስል መቀበያ ቁመት ይካፈላል፤ በውጤቱ ላይ 1 ተደምሮ በሌንሱ የትኩረት ርቀት ይባዛል። ለምሳሌ፣ መቀበያው 24 በ36 ሚሊሜትር የሆነ ካሜራ በቁሙ ተይዞ አንድ ሰው ከራስ እስከ እግሩ ይነሣ እንበል። ከላይና ከታች ከሚተወው ትርፍ ጋር 2100 ሚሊሜትር ቢፈጅ፣ ለ36 ሲካፈል 58 ያህል ይሆናል፤ 1 ሲደመር 59 ነው። እንግዲህ 50 ሚሊሜትር ሌንስ 3 ሜትር ያህል፣ 85 ሚሊሜትር ሌንስ ደግሞ 5 ሜትር ያህል ይፈልጋል።

አንባቢ «ታዲያ ሁልጊዜ በ50ው ብናነሣስ?» ይል ይሆናል። 60 ሳንቲሜትር ቁመት ለሚይዝ ጉርድ ፎቶግራፍ በዚህ ሌንስ እስከ 90 ሳንቲሜትር ድረስ መቅረብ ግድ ነው። በዚህ ቅርበት አፍንጫ ከጆሮ ይልቅ ለካሜራው በጣም ስለሚቀርብ ገዝፎ ይታያል። በ85ው ግን 1.5 ሜትር ርቆ ማንሣት ስለሚቻል የፊት መልክ አይዛባም።

ተነሺው ከመጋረጃው 1.5 ሜትር ቢርቅ መልካም ነው፤ ከተጠጋ ጥላው በመጋረጃው ላይ ይወድቃል። የብርሃን ኃይል በርቀቱ ካሬ መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ መብራቱ በፊት ለፊት ከተነሺው 1 ሜትር ቢርቅ፣ 2.5 ሜትር ርቆ ያለው መጋረጃ የሚደርሰው ብርሃን ተነሺው ካገኘው አንድ ስድስተኛ ያህል ብቻ ነው። ለአንሺው 1 ሜትር ብንተው፣ ሙሉ ቁመና ለማንሣት በ50ው 5.5፣ በ85ው 7.5 ሜትር ያስፈልጋል። ለጉርድ ግን በ85ው 4 ሜትር ይበቃል።

ስለ ወርዱ፣ የተለመደው ትልቁ የመጋረጃ ወረቀት 2.72 ሜትር ነው፤ በየጎኑ ለመቆሚያው 50 ሳንቲሜትር ሲተው 3.7 ሜትር ይሆናል። ጣሪያውም ከተነሺው ራስ በላይ መብራት እንዲሰቀል ቢያንስ 2.75 ሜትር ቢሆን ይመረጣል። በጠባብ ክፍል የግድግዳው ቀለም በቆዳ ላይ ስለሚያንጸባርቅ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ግድግዳ ነጭ ይቀባ።

በመስኮት ብርሃን ለሚሠራ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የአውሮፓ መጻሕፍት ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ቀጥተኛ ፀሐይ አይገባበትም ይላሉ። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ትውላለች። ስለዚህ ለሰሜኑም መስኮት ስስ ነጭ መጋረጃ ያስፈልገዋል።

ያለው ክፍል 4 በ3 ሜትር ብቻ ቢሆን ተስፋ አያስቆርጥም። 1.35 ሜትር ወርድ ያለው ወረቀት ተሰቅሎ ጉርድ ይነሣበታል፤ ሙሉ ቁመና በግቢ ጥላ ሥር ይነሣል። ሊከራይ ያሰበ ሰው ግን ውል ከመፈረሙ በፊት ሜትርና ጠመኔ ይዞ ሦስቱን ርቀቶች በወለሉ ላይ ያስምር። የማይበቃ ክፍል ቢሆን ያን ጊዜ ያውቀዋል፤ ገንዘቡም በኪሱ ይቀራል።