ለሙዚቃ ብቻ የተሠራ ማጫወቻ ከስልክ የተሻለ ድምፅ ይሰጣል?

የኪስ ሙዚቃ ማጫወቻ ገበያ ያበቃለት ይመስላል። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው ዎክማን የተጀመረውና አፕል በ2001 በ399 ዶላር ባቀረበው አይፖድ የደረጀው ንግድ ስማርት ስልክ ከመጣ ወዲህ እየተዳከመ ሄዶ፣ አፕል በሜይ 2022 አይፖድን ማምረት ማቆሙን አስታውቋል። ሆኖም ገበያው ጠበበ፣ ዋጋውም ወደ ላይ ወጣ እንጂ ጨርሶ አልጠፋም። ሶኒ በ2016 ያስተዋወቀው በወርቅ የተለበጠ የመዳብ አካል ያለው ዎክማን 3,200 ዶላር ያህል ይጠየቅበት ነበር። አምራቾች ለዚህ ዋጋ የሚያቀርቡት ምክንያት መሣሪያቸው ስልክ የማይሰጠውን የድምፅ ጥራት ይሰጣል የሚል ነው። ሸማቹ ሊመረምረው የሚገባው ይህንኑ ነው።

ጥያቄው በገበያ ላይ የተፈተነበት አጋጣሚ አለ። አንጋፋው ሙዚቀኛ ኒል ያንግ “ፖኖ” የተባለ ማጫወቻ ለመሥራት በ2014 ከሕዝብ 800 ሺህ ዶላር ጠይቆ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበለት። ማጫወቻው በ399 ዶላር ቀረበ። በ2015 መጀመሪያ ዴቪድ ፖግ የተባለ የቴክኖሎጂ ጸሐፊ ሰዎች የትኛው መሣሪያ እንደሆነ ሳያውቁ ተመሳሳይ ዘፈኖችን ከፖኖና ከአይፎን እንዲሰሙ ሲያደርግ፣ አድማጮቹ ፖኖን ለይተው አልመረጡም። የፖኖ የሙዚቃ መደብር በ2016 ተዘጋ፤ በ2017ም ያንግ ሥራው ማብቃቱን ገለጸ። ከውድቀቱ ምክንያቶች አንዱ ጥራታቸው ከፍ ያለ ቅጂዎች ከተራዎቹ በጣም ውድ መሆናቸው እንደነበር ራሱ ተናግሯል።

ለምን ይህ ሆነ? ማንኛውም መሣሪያ ሙዚቃን ወደ ጆሮ የሚያደርሰው በአራት ደረጃ ነው። መጀመሪያ ቅጂው አለ። ቀጥሎ “ዳክ” የሚባለው ክፍል በቁጥር የተመዘገበውን ቅጂ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ይለውጠዋል። ከዚያ አምፕሊፋየሩ ያጎላዋል። በመጨረሻ ማዳመጫው ድምፅ ያደርገዋል። የማጫወቻ አምራቾች ገንዘባቸውን የሚያፈሱት በሁለቱ የመካከል ደረጃዎች ላይ ነው። ነገር ግን እነዚህ ክፍሎች ለስልክ በብዙ ሚሊዮን ስለሚመረቱ ጥሩዎቹም ረክሰዋል። አፕል በ2016 የማዳመጫ ቀዳዳውን ከአይፎን ሲያስቀር በ9 ዶላር ለብቻዋ የሸጣት አጭር ማገናኛ በውስጧ ሙሉ ዳክና አምፕሊፋየር ይዛለች።

ልዩነቱ በእርግጥ የሚታየው በአምፕሊፋየሩ ጉልበት ላይ ነው። እንደ ዜንሃይዘር ኤችዲ 600 ያለ 300 ኦም የሆነ ትልቅ ማዳመጫ ብዙ ቮልቴጅ ስለሚፈልግ በብዙ ስልኮች ላይ በቂ ድምፅ ላያወጣ ይችላል። እንዲህ ያለ ማዳመጫ ላለው ሰው ማጫወቻው ጥቅም አለው። በተራ ኤርፎን ለሚያዳምጥ ግን ያ ጉልበት ከፍሎበት የማይጠቀምበት ትርፍ ነው። ከዚህ ሌላ ጥቂት ከፍ ብሎ የሚሰማ ድምፅ ለጆሮ የተሻለ ጥራት ያለው ይመስላል። ስለዚህ በሱቅ ሁለት መሣሪያ የሚያወዳድር ሸማች የድምፁን መጠን በመጀመሪያ ማስተካከል አለበት።

ሁለተኛው የመሸጫ ምክንያት “ከፍተኛ ጥራት” የሚባለው ቅጂ ነው። ሲዲ ድምፅን በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ለክቶ በ16 ቢት ይመዘግባል። ይህም የሰው ጆሮ የሚሰማውን እስከ 20,000 ኸርዝ ድረስ ያለውን ድምፅ ለመመለስ ይበቃል። በ2007 ሜየርና ሞራን ባሳተሙት ጥናት አድማጮች ከፍተኛ ጥራት ያለውን ቅጂ ወደ ሲዲ ደረጃ ከወረደው እንዲለዩ 554 ጊዜ ተፈትነው 276 ጊዜ ብቻ አገኙት፤ ይህም በግምት ከመመለስ አይለይም። በ2016 ጆሹዋ ሪስ 18 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምር ትክክለኛው መልስ 52.3 ከመቶ ሆኖ አግኝቶታል። ልዩነቱ አለ ቢባል እንኳ እጅግ ትንሽ ነው። የሠለጠኑ አድማጮች ግን ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት አስመዝግበዋል።

ሽቦ አልባ ማዳመጫ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ማወቅ ይኖርበታል። በብሉቱዝ ጊዜ ዳኩም አምፕሊፋየሩም ያለው በማዳመጫው ውስጥ ነው። ውድ ማጫወቻ የገዛ ሰው በብሉቱዝ ሲያዳምጥ የከፈለበት ክፍል ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ጥራት ላቅ ያለው የሶኒ ኤልዳክ እንኳ የሚያስተላልፈው በሴኮንድ እስከ 990 ኪሎቢት ሲሆን፣ የሲዲ መጠን ግን 1,411 ነው።

ለአገራችን አድማጭ ከሁሉም የሚቀርበው የመጀመሪያው ደረጃ ማለትም ቅጂው ነው። ብዙው የቀድሞ ዘፈን የደረሰን በካሴት ነው። ካሴቱም ከሌላ ካሴት ተቀድቶ፣ በኋላም ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ተጨምቆ ሊሆን ይችላል። ከካሴቱ የጠፋውን ድምፅ የትኛውም ማጫወቻ አይመልሰውም። የ3,000 ዶላሩም መሣሪያ የካሴቱን ሹክሹክታ አጥርቶ ከማሰማት አያልፍም። በአንጻሩ ከዋናው ቴፕ ወይም ከንጹሕ ሸክላ በጥንቃቄ የተቀዳ ያው ዘፈን በተራ ስልክም ልዩነቱ ይሰማል።

ነገሩ ሲጠቃለል ከማዳመጫና ከቅጂ ላይ የሚወጣ ገንዘብ የሚያስገኘው እርካታ ማጫወቻው ላይ ከሚወጣው ይበልጣል። ማጫወቻው ሌላ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። የስልኩን ባትሪ ይቆጥባል፤ ትልቅ ሜሞሪ ካርድ ይቀበላል፤ ዘፈን መሐል ጥሪ አይገባበትም። እነዚህ ግን የምቾት እንጂ የድምፅ ጥራት ጉዳይ ስላልሆኑ፣ ሸማቹ የሚከፍለው ለየትኛው እንደሆነ ለይቶ ቢገዛ ከቁጭት ይድናል።